ተራራው ላይ ኪሎ አይደበቅም

ኮሎራዶ የሚኖር የሀገር ልጅ ተራሮቹን በየቀኑ ያያል። መንገደኛ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሲያመላልስ፣ ኦሮራ ውስጥ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ሲያወጣ፣ በስተምዕራብ ነጭ ጋቢ እንደ ለበሱ ሽማግሌዎች ተደርድረው ይታዩታል። ሃያ ዓመት እያያቸው አንድም ቀን ያልወጣባቸው ግን ስንቱ ነው! ምክንያቱን ቢጠይቁት «እኔ በረዶ የማውቀው ጣሪያ ደብድቦ፣ የገበሬ ማሳ አጥፍቶ ሲሄድ ነው፤ ጭራሽ ገንዘብ ከፍዬ ልውደቅበት?» ይላል። ነገሩ ቀልድ አለበት፣ እውነትም አለበት። ስኪ ውድ ነው፣ ይበርዳል፣ ሰው ፊትም ይጥላል። ከሦስቱ ለሀበሻ የሚከብደው የመጨረሻው ነው።

«ስኪ የእኛ አይደለም» የሚለው ወሬ እንኳ በ2006 አብቅቷል (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት ቱሪን ላይ በተደረገው የክረምት ኦሎምፒክ ሮቤል ተክለማርያም ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያን ወክሎ በ15 ኪሎ ሜትር የሜዳ ስኪ ተወዳድሮ 83ኛ ወጥቷል። በሩጫ ወርቅ ለለመደ ሕዝብ 83ኛ ምንም ላይመስል ይችላል፤ በረዶ በሌለበት አገር ስም ገብቶ መጨረስ ግን ቀላል አይደለም። ጥቁር አሜሪካውያንም ከዚያ በፊት በ1973 ከ13 የስኪ ክለቦች የተውጣጡ 350 ያህል ሆነው አስፐን ላይ ተሰብስበው ነበር። ስለዚህ ተራራው ባለቤት አለው ብሎ የሚሰጋ ካለ ስጋቱን ይተው።

እንግዲህ ወደ አምስቱ ጓደኛሞች እንምጣ። ሁለቱ ከዴንቨር ናቸው፤ አንዱ የአውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነጂ፣ አንዷ ነርስ። ሦስቱ ከዋሽንግተን አካባቢ የመጡ ናቸው፤ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ፣ አንዲት የፓርኪንግ ኃላፊ፣ እና ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው ጡረታ የወጡ መምህር። ከሰኔ ጀምረው በየወሩ እንደ ዕቁብ ሲያዋጡ ቆይተው፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ብሬክንሪጅ ከተማ ለአራት ቀን ቤት ተከራዩ። ማዋጣቱ ትልቅ ብልሃት ነው። በታላላቆቹ የኮሎራዶ ተራሮች ገበያው በደራበት ወቅት የአንድ ቀን ቲኬት መስኮቱ ላይ ሲገዙት ከ200 ዶላር በላይ ነው። ቀደም ብሎ በኢንተርኔት የገዛ ይቀንስለታል። ምግብ ቤት ውስጥ እንደሚደረገው «እኔ ልክፈል፣ በማርያም እኔ ልክፈል» ከቲኬቱ መስኮት ፊት ቢጀመር አንዱ ቤቱን ሸጦ ይመለሳል።

ብሬክንሪጅ ከዴንቨር 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ክፍት ሲሆን ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ ቅዳሜ ጧት ሲወጡና እሁድ ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ግን ሰልፉ የመርካቶን ያስንቃል። አይዘንሃወር የሚባለው ዋሻ 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ተራራውን ሰንጥቆ ያልፋል፤ አንዱ ቀዳዳ በ1973፣ ሁለተኛው በ1979 ተከፍቷል። አዛውንቱ መምህር ዋሻው ውስጥ ሲገቡ «ይሄ ጣርማ በርን አስረሳኝ» አሉ። ነጂዎች ልብ ይበሉ፦ በዚህ መንገድ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ መኪናው ለበረዶ የሚሆን ጥርሱ ያላለቀ ጎማ፣ ወይም ጥርሱ ባላለቀ ጎማ በአራት እግር የሚነዳ ሞተር፣ ወይም ሰንሰለት እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። «ጎማው ደህና ነው፣ ባለፈው ዓመት ነው የገዛሁት» ለፖሊስ መልስ አይሆንም።

ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1859 ወርቅ ፈላጊዎች ሲጎርፉ ነው። ስሟን ያገኘችው በጊዜው ምክትል ፕሬዚዳንት ከነበረው ከጆን ብሬኪንሪጅ ነው። ሰውየው በእርስ በርስ ጦርነቱ ከባርነት ደጋፊዎቹ ጎን ሲሰለፍ የከተማዋ ሰዎች በስሟ ውስጥ አንዲት ፊደል ለወጡና ተገላገሉት። ዋናው ጎዳና ግራና ቀኙ በቀለም ያሸበረቁ የእንጨት ቤቶች ናቸው፤ ማታ መብራቱ ሲበራ፣ ሙዚቃው ከየቤቱ ሲወጣ፣ ሰው ስኪውን በትከሻው ተሸክሞ ሲተላለፍ የበዓል ዋዜማ ይመስላል። በጥር መጨረሻ ከየአገሩ የመጡ ቀራጮች 25 ቶን ከሚመዝን የበረዶ ጉማጅ ሐውልት ያወጣሉ። በሞተር የሚሠራ መሣሪያ አይፈቀድላቸውም፤ በእጅ ብቻ ነው።

ከዚያ ጎዳና ላይ የባርኒ ፎርድ ቤት አለ። ባርኒ ፎርድ በባርነት ተወልዶ ያመለጠ ጥቁር ሰው ነው። በ1860 ወርቅ ፍለጋ ወደዚሁ ተራራ መጥቶ፣ ጥቁር በስሙ ይዞታ ማስመዝገብ አይችልም ተብሎ ተባረረ። ዴንቨር ሄዶ በምግብ ቤትና በሆቴል ሥራ ሀብታም ሆነ። ከሃያ ዓመት በኋላ ወደ ብሬክንሪጅ ተመልሶ እዚያም ምግብ ቤት ከፈተ፣ በ1882 ቤቱን ሠራ፤ ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው። ያባረሩት ከነበረበት ኮረብታም ከ1964 ጀምሮ በእሱ ስም ይጠራል። ጋሼ ስኪ አልነኩም፤ ከሰዓቱን ሁሉ እዚያ ቤት ውስጥ ቆይተው ሲመለሱ ስለ ሌላ ነገር አላወሩም። ጓደኛ ስኪ ስለማይሄድ ብቻውን ቀረ ብሎ ማዘን ከንቱ ነው። ከከተማዋ ወደ ተራራው የሚወስደው የሽቦ ላይ ፉርጎ ነጻ ነው፣ የከተማዋ አውቶብስም ነጻ ነው፤ ጋሼ በሁለቱም እንደ ሹም ሲንሸራሸሩ ሰነበቱ።

ከፍታው ግን አይናቅ። ከተማዋ ራሷ 2,900 ሜትር ላይ ናት፤ አዲስ አበባ 2,400 ገደማ፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ገደማ ናቸው። የወንበር ማንሻው ደግሞ ከፍተኛው ቦታ ላይ 3,914 ሜትር ይደርሳል። የሒሳብ ሠራተኛው የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ ብሎ በመጀመሪያው ሌሊት ውስኪውን ቀዳ። ዋሽንግተን ባሕር ጠለል አጠገብ ሃያ ዓመት የኖረ ሰው ደሙ ደብረ ብርሃንን ከረሳ ቆይቷል፤ ሌሊቱን ራሱን ይዞ ሲያቃስት አደረ። ነርሷ ውሃ አጠጣችው፣ ስድብም አልነፈገችውም። ከቆላ የሚመጣ እንግዳ አንድ ሌሊት ዴንቨር አድሮ ቢወጣ፣ የመጀመሪያውን ቀን መጠጥ ቢተው፣ ውሃ ቢያበዛ ይሻለዋል። ራስ ምታቱ ብሶ ማስመለስና መንገዳገድ ከመጣ ግን ጨዋታ የለም፤ ወደ ታች መውረድና ሐኪም ማየት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ስኪ የሚያከራየው ሱቅ ሲገቡ ቅጽ ይሰጣሉ። ዕድሜ፣ ቁመት፣ ክብደት፣ ከዚያም የስኪተኛ ዓይነት፦ 1 ቀስ የሚል ጠንቃቃ፣ 2 መካከለኛ፣ 3 ገደል ላይ በፍጥነት የሚወርድ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ማንኛውም የቢሮ ወረቀት ይሞላዋል። ነገር ግን ቦት ጫማውን ከስኪው ጋር የያዘው መንጋጋ የሚጠብቀውና የሚላላው በእነዚህ ቁጥሮች ነው። ሰው ሲወድቅ መንጋጋው ተከፍቶ እግሩን መልቀቅ አለበት። ክብደቱን ቀንሶ የጻፈ ሰው መንጋጋው ስለሚላላበት ያለ ምክንያት ይወልቅበታል፤ ችሎታውን አጋንኖ የጻፈ ደግሞ መንጋጋው ይጠብቅበትና መውለቅ ሲገባው ላይወልቅ ይችላል።

የፓርኪንግ ኃላፊዋ ጓደኞቿ በትከሻዋ በላይ እያዩ ስለነበር ከኪሎዋ 35 ፓውንድ ቀነሰች። ጀማሪዎች በሚማሩበት ሜዳ ላይ ስኪዋ ሦስት ጊዜ ወልቆ ሄደ። ጧቱ ሳያልቅ ተመልሳ ለሠራተኛው በሹክሹክታ እውነቱን ነገረችው፤ ሠራተኛው ፈገግ እንኳ ሳይል በመፍቻ አስተካከለላት። በዚህ ሁሉም ስቀዋል፤ እሷም ስቃለች።

ታክሲ ነጂው ግን 3ን ነው ያከበበው። ከዚያ በፊት ስኪ ያደረገው ከዓመታት በፊት ግማሽ ቀን ነው። ሴቶቹ የአዋቂ ጀማሪዎች ትምህርት ሲገቡ «መውደቅ ደግሞ ምን አስተማሪ ያስፈልገዋል» ብሎ ቀረ። እውነቱ ሌላ ነበር። እዚያ ሜዳ ላይ የአራት ዓመት ልጆች ስኪያቸውን ከፊት እንደ ፒሳ ቁራጭ አገናኝተው እያቆሙ በአጠገቡ ሲያልፉ፣ አርባ አምስት ዓመቱን የያዘ ሰው እንደ እነሱ ተሰልፎ መታየቱን አልወደደውም። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ባሕር ተሻግሮ፣ ተራራ ወጥቶ ሰው ያገኛል።

በሁለተኛው ቀን የሒሳብ ሠራተኛው፣ ስኪ በደንብ የሚያውቀው፣ «ና እንጂ ወንድሜ፣ አረንጓዴው የሕፃን ነው፣ ሰማያዊውን እንውረድ፤ እኔ አለሁልህ» አለው። አሜሪካ ውስጥ የመንገዶቹ ምልክት ይህ ነው፦ አረንጓዴ ክብ ቀላል፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘን መካከለኛ፣ ጥቁር አልማዝ ከባድ። እምቢ ለማለት አፉ አልታዘዘለትም። ወንበሩ ላይ ወጡ። ግማሽ መንገድ ላይ ፍጥነቱ ከቁጥጥሩ ውጭ ሆነ፣ ማቆም አልቻለም፣ ወደ ኋላ ተቀመጠ፣ ወደቀ፤ አንደኛው ስኪ ወለቀ፣ የቀኙ ግን አልወለቀም። ጉልበቱ ተጠመዘዘ። የተራራው ጠባቂዎች በበረዶ ላይ በሚጎተት አልጋ ጠቅልለው አወረዱት። የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ነበር።

ፍርዱን አስተካክሎ መናገር ይገባል። መንጋጋው በትክክል ቢሞላም የጉልበት ጅማትን ሁልጊዜ አያድንም፤ ከሁሉ በላይ የሚያድነው ቅልጥምን ነው። ስለዚህ «3 ባይል ኖሮ ደህና ይሆን ነበር» ብሎ መማል አይቻልም። ትምህርቱን ገብቶ ማቆም ቢማርና አረንጓዴው ላይ ቢቆይ ግን እዚያ ሰማያዊ መንገድ ላይ ባልተገኘ ነበር። «እኔ አለሁልህ» ያለው ጓደኛም ከጥፋቱ ነጻ አይደለም። ተራራ ላይ ማንም ለማንም አይኖርለትም፤ ጀማሪን የሚወድ ሰው ለአስተማሪ ይሰጠዋል፣ ወይም ራሱ አረንጓዴው ላይ አብሮት ይውላል። ሌላም አለ፦ በኮሎራዶ ከ1979 ጀምሮ ባለው የስኪ ሕግ መሠረት ስፖርቱ ራሱ የሚያመጣውን አደጋ የሚሸከመው ስኪተኛው ነው፣ ከላይ የሚመጣውም ከታች ያለውን እንዳይገጭ የመጠንቀቅ ግዴታ አለበት። ወድቄ ተሰበርኩ ብሎ ተራራውን መክሰስ ቀላል አይደለም።

የቀኝ ጉልበት ለነጂ ፍሬን ማለት ነው። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ለወራት መሪ አልጨበጠም። የሕመም ፈቃድ አልነበረውም፤ የመኪናው ዕዳ፣ የቤት ኪራዩ፣ ደሴ ላሉት እናቱ በየወሩ የሚልከው ሁሉ አንድ ቀን ቆመ። ለእናቱ ግን «ጉንፋን ይዞኛል» ነው ያላቸው። ገንዘቡን ለአራት ወር ያህል አራቱ ጓደኞች ተከፋፍለው በእሱ ስም ልከዋል፤ ይህ የሚያስመሰግናቸው ነው። ነርሷ አንድ ቀን ስልክ ላይ «ለእናትህ እንኳ እውነቱን ንገራቸው፣ ይጸልዩልሃል» ስትለው «እሺ ሲሻለኝ እነግራቸዋለሁ» አላት።

አደጋው በደረሰበት ማታ የተቀሩት ስኪያቸውን መልሰው ቤት ተቀመጡ። ጋሼ ሽሮ ሠሩ። በዚያ ከፍታ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ባቄላና ምስር ዕድሜ ይፈጃል፤ ሽሮ ግን የትም አያሳፍርም። ቡና ተፈላ፣ ዕጣን ተጨሰ፣ ወዲያው የጭስ ደወሉ ጮኸ፣ የጎረቤት ፈረንጆች በካልሲ ወጡ። ሕመምተኛው እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ከሁሉም በላይ የሳቀው እሱ ነበር። በማግስቱ ሴቶቹ አስተማሪያቸው ጋ ተመልሰው ከአረንጓዴው ጫፍ እስከ ታች ሳይወድቁ ወረዱ፤ ፎቶግራፉ ነርሷ ቤት ግድግዳው ላይ አለ።

ልብስ ላይ ሁለት ቃል፦ ጂንስና ጥጥ ውሃ ይጠጣሉ፣ ተራራው ላይ አይሆኑም፤ ጋቢ ለማታ ነው። ሦስት ካልሲ መደራረብ እግርን አጥብቆ ደም ይከለክላል፣ አንድ ቀጭን የሱፍ ይበቃል። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም ብሎ ቅባት የተወ ደግሞ ማታ ፊቱን በመስታወት ይይ፤ ፀሐይዋ ከላይም ከበረዶውም ነው የምትመጣው። ራስ ቁርም አይረሳ።

መዋጮው በሰኔ እንደገና ተጀምሯል። ታክሲ ነጂውም ያዋጣል፣ አንድም ወር አላሳለፈም። በዚህኛው ጉዞ መጀመሪያ ትምህርት ቤት ለመግባት ተስማምቷል፤ ቅጹን ሲሞላ ግን ነርሷ አጠገቡ ቆማ ታያለች።