የአድማጭ ጆሮና የነጋዴ ገንዘብ

ነጋዴ ማስታወቂያውን በራዲዮ ለማስነገር ሲከፍል የሚገዛው ደቂቃ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን የሚገዛው የአድማጭን ጆሮ ነው። አድማጭ የሌለው ደቂቃ እህል የሌለበት ጆንያ ነው። ስለዚህ የሙዚቃ ፕሮግራም ለአድማጩ የሚሰጠው ጥቅም የጣቢያው ብቻ ሳይሆን የነጋዴውም ጉዳይ ነው።

በአዲስ አበባ የኤፍ ኤም ጣቢያዎች ከሚሰሙት ፕሮግራሞች ብዙዎቹ የሚቀርቡት የአየር ሰዓት ከጣቢያው በገዙ አዘጋጆች ነው። አዘጋጁም የከፈለውን የሚያስመልሰው ከማስታወቂያ በመሆኑ ማስታወቂያ ለማብዛት ይገደዳል። ከዚህም የተነሣ ዘፈኑ ሳያልቅ የሚቈረጥበት፣ የስፖንሰሮች ስም በረዥሙ ሲነበብ የግጥሙና የዜማው ደራሲ ሳይጠቀስ የሚታለፍበት ጊዜ አለ። ማርም ሲበዛ ይመራልና አድማጩ ጣቢያውን ይለውጣል።

ዛሬ ሰው የሚወደውን ዘፈን ከእጅ ስልኩ ያገኛል። ራዲዮ ከስልክ የሚበልጠው ዕውቀት ሲጨምርበት ነው፤ ይኸውም ዘፈኑን ማን እንደ ደረሰው፣ ማን እንዳቀናበረው፣ በስንት ዓመተ ምሕረት በሸክላ ወይም በካሴት እንደ ወጣ ሲነግር ነው። ደራሲ በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠራለት መጠየቁም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ዐዋጅ የታወቀ መብት ነው።

ከዕውቀትም በላይ እምነት ይፈለጋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1959 እና በ1960 በተደረገው የምክር ቤት ምርመራ፣ ሸክላ አሳታሚዎች ዘፈናቸው እንዲደጋገም ለራዲዮ አቅራቢዎች በስውር ይከፍሉ እንደ ነበር ተገለጠ። አድማጩ በአቅራቢው ምርጫ የተሰማ ሲመስለው፣ የሰማው የተሸጠ ምርጫ ነበር። በዚያው በ1960 ክፍያውን ለአድማጭ ሳያሳውቁ ማሰማት በሕግ ወንጀል ሆነ። የተሰወረ ክፍያ ከሐሰተኛ ሚዛን አይለይምና።

አንዳንድ ነጋዴዎች «ስማችን ደጋግሞ ካልተጠራ ገበያተኛ ይረሳናል» ይላሉ። መደጋገም ማስታወሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚወደውን ዘፈን ያቋረጠበትን ስም አድማጭ የሚያስታውሰው በቅሬታ ነው።

ስለዚህ ነጋዴ ውል ከመፈረሙ በፊት በሰዓቱ ውስጥ ማስታወቂያው ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ፣ ዘፈኑ እስከ መጨረሻው ይሰማ እንደ ሆነ፣ ደራሲው ይጠራ እንደ ሆነ፣ የተከፈለበት ምስጋናም ማስታወቂያ መሆኑ ይነገር እንደ ሆነ ሊጠይቅ ይገባዋል። ቡናን ሳይቀምስ፣ ጨርቅን ሳይዳስስ የማይገዛ ነጋዴ የአየር ሰዓትን ሳያዳምጥ መግዛቱ አግባብ አይደለም።