የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ዝምድና፤ የአንድ ተመራማሪ ሥራና ያስከተለው ክርክር

የደም ግፊትና የስኳር በሽታ በአንድ ሰው ላይ ተደራርበው መገኘታቸው ለሐኪሞች አዲስ ነገር አይደለም። መደራረቡ የአጋጣሚ ነው ወይስ ከአንድ ሥር የሚመነጭ የሚለውን ጥያቄ በልኬት ለመመለስ ዕድሜያቸውን ከሰጡ ተመራማሪዎች መካከል በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፕሮፌሰር የነበሩት ጄራልድ ሪቨን በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። ፕሮፌሰሩ እ.ኤ.አ በ2018 በ89 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩ ሲሆን፣ የቀሰቀሱት ክርክር ግን አልተዘጋም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሪቨን ምርምር በጀመሩበት ዘመን የስኳር በሽታ በጥቅሉ የኢንሱሊን እጥረት ተደርጎ ይወሰድ ነበር። እርግጥ እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሂምስወርዝ ኢንሱሊን በሚገባ የሚሠራላቸውና ብዙም የማይሠራላቸው ሕሙማን መኖራቸውን በ1936 አመልክተው ነበር። ሆኖም በደም ውስጥ ያለውን ኢንሱሊን በትክክል መለካት የሚያስችል ዘዴ ባለመኖሩ ሐሳባቸው ለዓመታት ተዳፍኖ ቆይቷል። በ1960 ሮዛሊን ያሎውና ሰለሞን በርሰን የመለኪያውን ዘዴ ይፋ ሲያደርጉ፣ በጎልማሳነት ዕድሜያቸው በስኳር በሽታ ከተያዙት ብዙዎቹ ኢንሱሊን እንደማያንሳቸው ታወቀ።

የሪቨንና የባልደረቦቻቸው ድርሻ ከዚህ ይጀምራል። ቡድኑ በ1970 ባሳተመው ጥናት የሰውነትን የራሱን የኢንሱሊን ምርት በመድኃኒት ለጊዜው በመግታት፣ ለእያንዳንዱ ተመርማሪ ተመሳሳይ መጠን ያለው ኢንሱሊንና ግሉኮስ በደም ሥር እንዲሰጥ አደረገ። የኢንሱሊኑ መጠን እኩል በመሆኑ፣ በደም ውስጥ የሚቀረው የስኳር መጠን የሚያሳየው ሰውነት ለኢንሱሊን ምን ያህል እንደሚታዘዝ ነው። ዘዴው ቀላል ይመስላል፤ የተገኘው ውጤት ግን የበሽታውን ትርጉም የለወጠ ነው።

ሰውነት ለኢንሱሊን አልታዘዝ ሲል ቆሽት ተጨማሪ ኢንሱሊን በማመንጨት ለዓመታት ሊያካክስ ይችላል። በዚህ ጊዜ የደም ስኳር ቢለካ ጤናማ ሆኖ ይገኛል። ከመጠን ያለፈው ኢንሱሊን ግን ኩላሊት ጨው እንዲይዝ፣ የነርቭ ሥርዓትም እንዲነቃቃ በማድረግ የደም ግፊት ሊያስከትል እንደሚችል ተመራማሪዎች ያስረዳሉ። በ1987 ጣሊያናዊው ኤሌ ፌራኒኒና ባልደረቦቻቸው ክብደታቸው የተስተካከለና ስኳራቸው ጤናማ የሆነ ወጣት የደም ግፊት ሕሙማንን መርምረው፣ ለኢንሱሊን የመታዘዝ ጉድለት አግኝተውባቸዋል። በዚያው ዓመት የሪቨን ቡድን ፍሩክቶስ የበዛበት ቀለብ የተሰጣቸው አይጦች ደም ግፊታቸው ከፍ ማለቱን አሳይቷል።

ሪቨን በ1988 በአሜሪካ የስኳር በሽታ ማኅበር መድረክ ባቀረቡት ንግግር እነዚህን ክሮች አንድ ላይ አሰሩ። ለኢንሱሊን አለመታዘዝ፣ የደም ግፊት፣ የትራይግሊሰራይድ መብዛትና ጠቃሚ የሚባለው ኮሌስትሮል ማነስ ተዛማጅ የልብ ሕመም ጠንቆች መሆናቸውን አስረድተው፣ ስብስቡን "ሲንድረም ኤክስ" ብለው ሰየሙት። ሁሉም የደም ግፊት ሕመምተኛ ግን በዚህ ክልል ውስጥ እንደማይገባ አበክረው ይገልጹ ነበር፤ በእርሳቸው ግምት ለኢንሱሊን የማይታዘዘው ግማሽ ያህሉ ነው።

ክርክሩ የተነሳው ስብስቡ ወደ አስተዳደር ሰነድ ሲገባ ነው። በ2001 የአሜሪካ ባለሙያዎች ቡድን ከአምስት መለኪያዎች ሦስቱን ያሟላ ሰው "ሜታቦሊክ ሲንድረም" አለበት እንዲባል ወሰነ። ሐሳቡን ያፈለቁት ሪቨን ራሳቸው ይህን ምደባ መቃወማቸው ትኩረት የሚስብ ነው። ሁለት መለኪያ ብቻ ያሟላው ሰው ሲንድረሙ የለበትም መባሉ ጤነኛ አያደርገውም፤ ሦስት ያሟላውም ቢሆን የሚታከመው እያንዳንዱ ችግር ተለይቶ ነው። በ2005 የአሜሪካና የአውሮፓ የስኳር በሽታ ማኅበራትም በጋራ መግለጫቸው ተቀራራቢ ማሳሰቢያ ሰጥተዋል። በእርግጥም ስም መስጠት ከማከም ይቀላል፤ በሪፖርት ቅጽ ላይ አንድ ዓምድ መጨመርም እንዲሁ።

በተግባር የሚጠቅመው ምን እንደሆነ በ1998 ውጤቱ ይፋ የሆነው የእንግሊዝ ጥናት በግልጽ አሳይቷል። የስኳር በሽታና የደም ግፊት ባለባቸው 1,148 ሰዎች ላይ በተካሄደው በዚህ ጥናት፣ ግፊታቸው ጠበቅ ባለ ቁጥጥር ሥር የዋለው ሕሙማን ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸሩ ከስኳር በሽታ ጋር የተያያዘ ሞት በ32 በመቶ፣ ስትሮክ ደግሞ በ44 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ለዚህ በዋነኛነት ያገለገሉት ካፕቶፕሪልና አቴኖሎል፣ ዛሬ ርካሽ ከሚባሉት መድኃኒቶች የሚመደቡ ናቸው።

በአገራችን በ2015 የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከአዋቂዎች መካከል 16 በመቶ ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው አመልክቷል። ሕመሙ በአመዛኙ ምልክት የማያሳይ በመሆኑ፣ ካልተለካ አይታወቅም። ስለዚህ በጤና ተቋማት ውስጥ የስኳርና የግፊት ክትትል በተለያየ ቀጠሮና በተለያየ መዝገብ የሚካሄድ ከሆነ፣ ለስኳር የመጣው ታካሚ ግፊቱ ሳይለካ፣ ለግፊት የመጣውም ስኳሩ ሳይታይ የሚመለስበት ዕድል ሰፊ ነው። ቀጭን መሆንም ከምርመራ ነፃ አያደርግም። ይህን ክፍተት ለመዝጋት የሚያስፈልገው የላቦራቶሪ ረቂቅ ዘዴ ሳይሆን፣ የሚሠራ የግፊት መለኪያ በስኳር ክትትል ክፍል ውስጥ ማኖርና መድኃኒቱ በየወሩ እንዳይቋረጥ በጀት መያዝ ነው።