ከተከላው በኋላ ያለው ሥራ

መስማት የተሳነው ሕፃን የተተከለለት መሣሪያ ሲከፈት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሚሰማበትን ፊልም ብዙዎቻችን ተመልክተናል። ሕፃኑ ይደነግጣል፤ እናቱ ታለቅሳለች፤ ፊልሙም እዚያው ላይ ያበቃል። በእኛ እምነት ግን የወላጆቹ ትልቁ ሥራ የሚጀምረው ፊልሙ ካበቃ በኋላ ነው።

በጤናማ ጆሮ ውስጥ፣ ኮክሊያ በተባለው የቀንድ አውጣ ቅርፊት በሚመስል አካል፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ፀጉራማ ሕዋሳት የድምፅን ንዝረት ወደ ነርቭ መልእክት ይለውጣሉ። እነዚህ ሕዋሳት ክፉኛ ሲጎዱ ድምፅን የሚያጎላው የተለመደው የመስሚያ መሣሪያ ብዙም አይረዳም። ኮክሊያር ኢምፕላንት ግን የተጎዱትን ሕዋሳት አልፎ የመስማት ነርቭን በቀጥታ በኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል። አውስትራሊያዊው ሐኪም ግሬም ክላርክ ባለብዙ ኤሌክትሮድ መሣሪያቸውን እ.ኤ.አ. በ1978 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ጆሮ ውስጥ ተከሉ፤ ለምርምሩ ያነሣሣቸውም የአባታቸው የመስማት ችግር ነበር። በ1990 መሣሪያው 2 ዓመት ለሞላቸው ልጆች በአሜሪካ ተፈቀደ።

ይሁን እንጂ በሺዎች የሚቆጠሩትን ሕዋሳት የሚተኩት በአብዛኛው ከ12 እስከ 22 የሚደርሱ ኤሌክትሮዶች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ወደ አንጎል የሚደርሰው ድምፅ ያልተሟላ ነው፤ ትርጉም የሚሰጠውም በልምምድ ነው። ይህን ልምምድ በየዕለቱ የሚመሩት ወላጆች ናቸው። ልጁ ነቅቶ ባለበት ሰዓት ሁሉ መሣሪያውን እንዳያወልቅ ይከታተላሉ፤ ባትሪውን ይፈትሻሉ፤ ለማስተካከያ ወደ ባለሙያ ይመላለሳሉ፤ ሲያጥቡትም ሲያጎርሱትም ሳይሰለቹ ያነጋግሩታል። ማታ መሣሪያው ሲወልቅ ልጁ እንደገና ጸጥታ ውስጥ ይገባል። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላም ውጤቱ ከልጅ ልጅ ይለያያል፤ አንዱ በስልክ እስከ መነጋገር ሲደርስ ሌላው ጥቂት ቃላትን ብቻ ይለያል።

ታዲያ ውጤቱ አስቀድሞ የማይታወቅ ከሆነ፣ ልጁ እስኪሰማ ድረስ ያለ ቋንቋ መቆየት አለበትን? «እጁን ካስለመዳችሁት አፉ ይሰንፋል» ተብለው ከምልክት ቋንቋ እንዲርቁ የተመከሩ ወላጆች ብዙ ናቸው። እኛ ይህን ምክር አንቀበልም። አንጎል ቋንቋን በቀላሉ የሚቀበልባቸው የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ካለፉ አይመለሱም፤ ለአንጎል ደግሞ በዓይን የገባ ቋንቋም ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ መስማት ከተሳናቸው ወላጆች ተወልደው በምልክት ቋንቋ ያደጉና መሣሪያው የተተከለላቸው ጥቂት ልጆች በንግግር ፈተና ከሚሰሙ እኩዮቻቸው ጋር የሚቀራረብ ውጤት ማግኘታቸውን አሳይቷል። የተጠኑት ልጆች ጥቂት መሆናቸው እርግጥ ነው፤ ሆኖም ምልክት ንግግርን ያጠፋል የሚለውን ሥጋት አይደግፍም።

የሚሰሙ ወላጆች ይህን ቋንቋ ከፊደሉ ጀምረው መማር አለባቸው፤ ይህም ቀላል ሸክም አይደለም። ሸክሙን ማቃለል ግን የኅብረተሰቡ ድርሻ ነው። በአገራችን ተከላው ለብዙው ቤተሰብ ከአቅም በላይ ሲሆን የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ግን እዚሁ ከእኛ ጋር ይገኛል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ያስተምረዋል። ነገ መሐንዲስ፣ ሐኪም ወይም መምህር የምትሆኑ ተማሪዎች እንዲህ ያለ ልጅ ሲገጥማችሁ «ይሰማልን?» ብላችሁ አትቁሙ። «ቋንቋ አለውን?» ብላችሁም ጠይቁ።