ኩሬው ከመደፈኑ በፊት

«የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ይላል የአገራችን ሰው፤ አጠገብ ያለ ነገር ክብር እንደማያገኝ ሲያመለክት። ይህ አባባል ለመንደር ኩሬ በጣም የሚስማማ ይመስለኛል። ኩሬ በብዙ ሰው ዓይን የትንኝ መፈልፈያ፣ የቆሻሻ መጣያ፣ ቢደፈን ደግሞ ቤት የሚሠራበት ባዶ ቦታ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ኩሬ ይደፈን ወይም ይቆይ ብሎ ከመፍረድ አስቀድሞ በውስጡና በዙሪያው የሚኖረውን ፍጥረት ለይቶ ማወቅ ይገባል። ለዚህም ሥራ ከክረምት መግቢያ የተሻለ ጊዜ፣ ከተማሪም የተሻለ ተመልካች አይገኝም።

ለምሳሌ ያህል ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ ከእንጦጦ ተራራ ባሻገር የሚገኘውን የሱሉልታን ሜዳ እንውሰድ። በበጋ የከብት መሰማሪያ የነበረው ረባዳ መሬት የሰኔ ዝናብ ሲወርድበት ውኃ ይቋጥራል። ወንዶቹ እንቁራሪቶች ጉሮሯቸውን እንደ ፊኛ እየነፉ ሴቶቹን ይጠራሉ። ቆይቶም በሣሩ ሥር ዝልግልግ ነገር የሸፈነው እንቁላል ይታያል፤ ከእንቁላሉም በስንጥብ የሚተነፍስ፣ ጭራ ያለው እጭ ይወጣል። እጩ በመጀመሪያ የኋላ፣ ቀጥሎም የፊት እግር አብቅሎ፣ ጭራው ጠፍቶ፣ በሳንባ እየተነፈሰ በየብስ የሚዘል እንስሳ ይሆናል። ተማሪ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተስሎ ያየውን ይህን ለውጥ ኩሬው ዳር ሲደርስ ሕይወት ያለው ሆኖ ያገኘዋል።

አእዋፉም እንዲሁ ናቸው። በመስከረም ገደማ ከአውሮፓና ከእስያ መምጣት የሚጀምሩት ስደተኛ አእዋፍ በሰኔ ወደየአገራቸው ተመልሰዋል፤ ስለዚህ በዚህ ወር በደጋው ውኃ ዳር የሚታየው አብዛኛው ወፍ የአገሩ ነዋሪ ነው። ቆልማማ ምንቃሩን እርጥብ መሬት ውስጥ እየሰካ ትልና ነፍሳት የሚለቅመው፣ ከጉሮሮው ሥር ቀጭን ሥጋ የሚንጠለጠልበት ትልቅ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋዎች በስተቀር በየትም አይገኝም። ባለሰማያዊ ክንፉ ዝይም መኖሪያው የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። እንግዲህ ረግረጉ ቢጠፋ እነዚህ አእዋፍ የሚሸሹበት ሌላ አገር የላቸውም።

«ኩሬ የወባ ምንጭ ነው፤ ይደፈን» የሚሉ ሰዎች አሉ። ወባ ሰው የምትገድል በሽታ ስለሆነች ይህ ሐሳብ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ይሁን እንጂ በአገራችን ወባን በዋነኛነት የምታስተላልፈው ትንኝ አብዝታ የምትራባው ፀሐይ በሚያገኛቸው ትናንሽና ጊዜያዊ የውኃ ጉድጓዶች፣ ለምሳሌ አፈር ተቆፍሮ በወጣበት ጉድጓድ፣ በከብት ኮቴና በመኪና ጎማ ፋና ውስጥ ነው። ዓሣና የውኃ ተርብ እጭ በሚኖሩበት ነባር ኩሬ ውስጥ ግን የትንኝ እጭ ጠላት አለው፤ የተርቡ እጭ የታችኛውን ከንፈሩን እንደ እጅ ወርውሮ ይይዘዋል። ስለዚህ በቆላና በወይና ደጋ አካባቢ ኩሬውን የጤና ባለሙያ ይመርምረው፤ ዳርቻውም ይጽዳ። ሳይመረምሩ መድፈን ግን ከትንኟ ጋር የትንኟንም ጠላት መቅበር ይሆናል።

መታዘብ የሚጠቅመው ለዛሬ ብቻ አይደለም። በምሥራቅ ሐረርጌ የሚገኘው የሐሮማያ ሐይቅ ለመስኖና ለከተማ መጠጥ ውኃው ከመጠን በላይ በመሳቡ፣ ከተራቆቱት ኮረብታዎችም በሚወርደው ደለል ምክንያት በ1990ዎቹ ዓመታተ ምሕረት ደርቆ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ውኃው መመለስ ቢጀምርም ያ ጥፋት የሚረሳ አይደለም። የውኃ ዳርቻ ጥቂት በጥቂት ስለሚሸሽ፣ ያምናውን ያልጻፈ ሰው የዘንድሮውን ጉድለት አያስተውልም።

ሰኔ የፈተና ወር ነውና ተማሪ ጊዜ የለውም ይባል ይሆናል። ነገር ግን በሳምንት አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ ይበቃል። ተማሪው ከጥልቁ ራቅ ብሎ በጸጥታ ይቁም፤ እንቁላልና ጎጆ አይንካ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የዝናቡን ሁኔታ፣ ያየውን እንስሳና ብዛቱን በደብተሩ ይመዝግብ። ስሙን ያላወቀውን ወፍ መልኩንና ድምፁን ይጻፍ፤ ስሙንም ከአካባቢው ሽማግሌዎችና ከእረኞች ይጠይቅ። ደብተሩም ከዓመት ወደ ዓመት ለሚከተሉት ተማሪዎች ይተላለፍ።

ነገ የመንደሩ ሰው ስለ ኩሬው ሊመክር ሲሰበሰብ፣ «ባዶ ቦታ ነው» ለሚለው አስተያየት መልስ የሚሰጠው ይህ ደብተር ነው። ኩሬው አፍ የለውም፤ ያየው ሰው ይናገርለት።