የሚታረቀውና የማይታረቀው ቅራኔ

ሁለት ወገኖች በአንድ ንብረት ምክንያት የሚጋጩበት ጉዳይ ሁሉ በባሕርዩ አንድ ዓይነት አይደለም። ስለሆነም የባለንብረትንና የተከራይን ጠብ ለመፍታት የሚነሣ ኅብረተሰብ አስቀድሞ የቅራኔውን ምንነት መለየት ይኖርበታል።

በአባ ጅፋር ዘመን በሐሙስ ገበያው የታወቀው የጅማው ሄርማታ ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ከ1967 ዓ.ም. በፊት በጎማ፣ በሊሙና በማና ቡናውን ኮትኩቶና ለቅሞ ለገበያ የሚያደርሰው ጭሰኛ ምርቱን ለባለመሬቱ ያካፍል፣ በባለመሬቱ ፈቃድም ከመሬቱ ይነቀል ነበር። አንዱ በሌላው ላብ የሚኖርበት ይህ ቅራኔ የማይታረቅ ነበር። ሽማግሌ ቢቀመጥበትም ጭሰኛው ያው ጭሰኛ ሆኖ ይመለሳል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ግንኙነቱን ራሱን በመሰረዝ ጠቡን ከሥሩ ነቀለ፤ ቀሪውን የመሬት ክርክርም የገበሬ ማኅበራት ፍርድ ሸንጎዎች እንዲያዩት ተደረገ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። እስከ 300 ብር የሚከራዩ ቤቶች ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ይህም ለዝቅተኛው ነዋሪ እፎይታ እንደነበረ አይካድም። ይሁን እንጂ አዋጁ ብዙ ቤት አከማችቶ የሚያከራየውን ከበርቴና በጓሮዋ በሠራቻት ክፍል ኪራይ የምትተዳደረውን መበለት በአንድ ሚዛን መዘነ። አከራዩ ተለወጠ እንጂ አከራይና ተከራይ አልጠፉም። ኪራዩ እጅግ ዝቅ ብሎ በመቅረቱም ለጥገና የሚበቃ ገንዘብ ታጣ፤ የቀበሌ ቤቶች በየከተማው አረጁ።

በዛሬይቱ ከተማ መምህሩ፣ ነርሷና የመጋዘን ሠራተኛው ብዙውን ጊዜ የሚከራዩት ከባለግቢ ነው። አንዱ ቤት፣ ሌላው ገቢ ይፈልጋል፤ ቧንቧቸውና ቆጣሪያቸውም አንድ ነው። ይህ የሚታረቅ ቅራኔ ነው። ጠቡ የሚፈላው ከድንገተኛ ጭማሪ፣ ከመብራት ሒሳብ፣ ከሚያፈስ ጣራና «ነገ ልቀቅ» ከሚል ቃል ነው። የዚህ ሁሉ ምንጭም በቃል ብቻ የተደረገ ውል ነው።

አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይህንኑ ምንጭ ለማድረቅ የወጣ ነው። ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞችም ተፈጻሚ የሚሆነው ይህ አዋጅ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል።

በጅማ ምድር ጃርሱማ የተባለው የሽማግሌዎች እርቅ ሥር የሰደደ ነው። ጎረቤትን ከጎረቤት ሳያቆራርጥ ይዳኛልና እኛም ቀዳሚው መድረክ እንዲሆን እንደግፋለን። ነገር ግን ወረቀት የሌለበት እርቅ ቁልፍ ለያዘው ወገን ያደላል፤ ተከራዩ ልጆቹን ይዞ የሚወጣበትን ቀን እየፈራ የሚቀበለው ስምምነት እርቅ ሊባል አይችልም። ሽማግሌዎቹ የተፈረመውን ውል ይዘው ይዳኙ፤ ያልተስማማም ፍርድ ቤት የመሄድ መብቱ ይጠበቅለት።

ስለዚህ የከተማ አስተዳደሮች የምዝገባውን በር ለነዋሪው ቅርብ ያድርጉት፤ አከራይም ተከራይም ውል ሳይፈራረሙ ቁልፍ አይረካከቡ!