የልጅዎን ካርድ ሲፈርሙ

ልጅዎ የትምህርት ቤት ካርዱን ይዞ ሲመጣ አስቀድመው የሚመለከቱት ምኑን ነው? ማርኩን ነው? ደረጃውን ነው? ወይስ ካርዱን ሲያቀብልዎ የልጁን ፊት?

ይህን የሚያስጠይቀን በካናዳ አገር የደረሰ አንድ አሳዛኝ ወንጀል ነው። ባልና ሚስቱ ከቬትናም በስደት የገቡ፣ የመኪና ዕቃ ከሚያመርት ፋብሪካ ውለው የሚገቡ ታታሪ ሠራተኞች ነበሩ። ቆጥበው ቆጥበው በቶሮንቶ አጠገብ በማርካም ከተማ ሰፊ ቤት ገዙ። ሴት ልጃቸው ጄኒፈር ፓን ገና በሕፃንነቷ ፒያኖ ጀመረች፤ በበረዶ ላይ መንሸራተትም ተማረች። የወላጆቿ ምኞት ቀላል ነበር፤ እኛ የደከምነውን ያህል እሷ አትድከም የሚል።

ልጅቷ ግን ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ፣ ከሙዚቃ በስተቀር፣ ውጤቷ መካከለኛ ሆነ። ይህን ለወላጆቿ መንገር አልደፈረችም። የድሮ ካርዶቿን በመቀስ ቆርጣ፣ በሙጫ አጣብቃ፣ ፎቶ ኮፒ አንሥታ ሁሉም ማርክ "ኤ" የሆነበት ካርድ ሠራች። ወላጆቿም ደስ አላቸው።

በኋላ ካልኩለስ በሚባለው የሒሳብ ትምህርት ወደቀችና ያገኘችው የዩኒቨርሲቲ ቦታ ተሰረዘባት። እሷ ግን ገባሁ አለች። ጠዋት ጠዋት ቦርሳዋን ይዛ እየወጣች ቤተ መጻሕፍት ትቀመጣለች፤ ያገለገሉ መጻሕፍት ገዝታ ደብተሯን ትሞላለች። እንዲህ እያለች ዓመታት አለፉ! የመድኃኒት ትምህርት እየተማርኩ በሕፃናት ሆስፒታል በበጎ ፈቃድ እሠራለሁም አለች። የሥራ ልብስም መታወቂያም እንደሌላት ያስተዋሉት አባትየው ናቸው። ነገሩ ሲገለጥ ከቤት ትውጣ አሉ። አልቅሰው፣ ለምነው ያስቀሯት እናቲቱ ነበሩ።

ከዚያ ወዲያ ሃያ ዓመት ያለፋት ልጅ ስልኳ ተወሰደ፤ ከወንድ ጓደኛዋ እንዳትገናኝ ተከለከለች፤ መኪናዋ የተጓዘችው ኪሎ ሜትር ሳይቀር ይታይ ጀመር።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 8 ቀን 2010 ማታ እናቲቱ ከዳንስ መልስ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ቴሌቪዥን ሲመለከቱ ሦስት የታጠቁ ሰዎች ገቡ። ባልና ሚስቱን ምድር ቤት አውርደው ተኮሱባቸው። እናቲቱ ሞቱ፤ አባትየው ቆስለው ተረፉ። ለፖሊስ የደወለችው ራሷ ልጅቷ ነበረች፤ ዘራፊዎች ናቸው አለች። አባትየው ራሳቸውን ከሳቱበት ሲነቁ ግን ልጃቸው ከሰዎቹ ከአንዱ ጋር እንደ ወዳጅ ዝግ ባለ ድምፅ ስትነጋገር ማየታቸውን ተናገሩ።

በ2014 ከሦስት ተባባሪዎቿ ጋር ጥፋተኛ ተባለች፤ በ2015 የዕድሜ ልክ እሥራት ተፈረደባት። በ2023 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ ለጁሪው ሌላ የፍርድ አማራጭ ሊቀርብለት ይገባ ነበር በማለት፣ የእናቲቱ ግድያ ክስ እንደገና እንዲታይ አዘዘ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2025 ይህንኑ አጸና። አባትየውን ለመግደል በመሞከር የተሰጠው የጥፋተኝነት ውሳኔ ግን አልተነካም።

ጥፋቱን በወላጆቹ ላይ ለመጫን አይደለም የምንጽፈው። ከዚህ በባሰ ቁጥጥር ያደጉ ስንትና ስንት ልጆች ወላጆቻቸውን እየጦሩ ይኖራሉ። ገዳይ በቤቱ ላይ ለሚጠራ ሰው ሰበብ አንፈልግለትም። ነገር ግን ያች የመጀመሪያዋ ካርድ ከልባችን አልወጣ ብላለች። ያን ጊዜ እኮ ልጅ ነበረች፤ "ሒሳብ ከበደኝ" የሚል አንድ ቃል ነበር የቀረው። ያ ቃል ከአፏ እንዳይወጣ ምን ያዘው? የጎረቤት ልጅ ስንተኛ ወጣ ብለን የማንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? እኛም ጠይቀን እናውቃለን። በዚህ ሴሚስተር ዝቅ ያለ ማርክ ካዩ፣ ከመቆጣትዎ በፊት ልጁን አስቀምጠው የከበደውን ይጠይቁት፤ የክፍሉን ኃላፊ መምህርም ሄደው ያነጋግሩ። ማርኩ ሁሉ አምሮ ሲመጣም ቢሆን ይሂዱ።

አባትየው ለፍርድ ቤቱ ባቀረቡት ጽሑፍ ሚስታቸውን ባጡበት ቀን ልጃቸውንም እንዳጡ፣ በሕይወት በመትረፋቸው ዕድለኛ ነህ ቢባሉም ራሳቸውን እንደ ሙት እንደሚቆጥሩ ገለጹ። ልጃቸውም የሆነውን ሁሉ አስባ አንድ ቀን ጥሩና እውነተኛ ሰው እንድትሆን ተመኙላት።