የኮርማው መንገድ ለበግና ለፍየል አይበቃም

የቀዘቀዘ አባላዘር ሲባል በብዙ ባለሙያዎች ኅሊና የሚመጣው የላም ማዳቀል አገልግሎት ነው። የኮርማ አባላዘር በቀጭን ስትሮው ተሞልቶ፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ይህ ስኬት ግን መሣሪያው ከተገኘ የማንኛውም እንስሳ አባላዘር በዚያው መንገድ ይቀመጣል የሚል የተሳሳተ እምነት አስከትሏል።

በ1949 እ.ኤ.አ. ፖልጅና ባልደረቦቹ ግሊሰሮል የወንዴ ሕዋስን ከቅዝቃዜ ጉዳት እንደሚጠብቅ ያሳዩት በአውራ ዶሮ አባላዘር ነበር። የሚገርመው፣ ያው ግሊሰሮል በሴቷ ዶሮ ውስጥ የእንቁላሉን መዳቀል ስለሚያውክ ከማዳቀሉ በፊት መወገድ አለበት። የአሳማ የወንዴ ሕዋስ ደግሞ ከ15 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ሽፋኑ በቀላሉ ስለሚጎዳ፣ በአሳማ እርባታ የበለጸጉ አገሮች እንኳ በአመዛኙ የሚጠቀሙት ያልበረደ ፈሳሽ አባላዘር ነው። በፍየል ዘንድ ችግሩ ከራሱ ከአባላዘሩ ይመነጫል። ከአውራው ዕጢ የሚወጣው ኢንዛይም ለመከላከያነት የሚጨመረውን የእንቁላል አስኳል ሰባብሮ ለሕዋሱ መርዝ ያደርገዋል። ስለዚህ አባላዘሩ ታጥቦ ይቀዘቅዛል፤ ወይም የአስኳሉ መጠን ይቀነሳል።

የበግ ፈተና ከላቦራቶሪ ውጭም ይከተላል። የሴት በግ የማኅፀን አንገት ጠባብና ጥምዝምዝ በመሆኑ፣ ለላም የሚያገለግለው የማዳቀያ ቱቦ አያልፍበትም። ቀዝቅዞ የቀለጠው የወንዴ ሕዋስ ደግሞ ዕድሜው አጭር፣ ጉልበቱም ደካማ ስለሆነ ያንን መንገድ በራሱ አይዘልቀውም። ጥሩ የፅንስ ውጤት የሚገኘው በላፓሮስኮፕ አማካይነት በቀጥታ ማኅፀን ውስጥ ሲጨመር ነው። ይህም በጥቂት በጎች ለሚተዳደር የመንዝ ገበሬ የሚታሰብ አይደለም።

እንግዲህ ለበግና ለፍየል አርቢው የሚጠቅመው፣ በአቅራቢያው ከተመረጠ አውራ ተወስዶ በዚያው ዕለት የሚሰጥ ትኩስ አባላዘር ነው። በመንዝና በቦንጋ ማኅበረሰቡ አውራ በግ እየመረጠ የሚያረባ በመሆኑ መነሻው አለ። ማቀዝቀዝ ተገቢ ቦታው የዘረመል ባንክ ነው፤ የተመረጠው አውራ ከተሸጠ ወይም ከታረደ በኋላ ዘሩ የሚተርፈው በዚያ ብቻ ነውና። ለባንኩ ጥቂት ስትሮዎች ይበቃሉ፤ የላፓሮስኮፕ ወጪም በዚያ ይቻላል። ሆኖም የናይትሮጅን አቅርቦት አንዴ ከተቋረጠ የተከማቸው ሁሉ ስለሚጠፋ፣ ስብስቡን በአንድ ሥፍራ ብቻ ማኖር አይገባም። የማቀዝቀዣ መሣሪያ ይገዛ የሚል ጥያቄ ሲቀርብም፣ ለየትኛው እንስሳ እንደሆነና ከቀለጠ በኋላ የሚገኘው የፅንስ መጠን አብሮ ሊጻፍ ይገባል።